ኢኮው ልቧ ደህና ነው ይላል፣ ሳንባዋ ግን ውሃ ቋጥሯል

የመጨረሻዋ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ 61 ዓመቷ ነው። ስኳርና ደም ግፊት ከያዟት ቆይተዋል፤ ኩላሊቷም ቀስ በቀስ እየደከመ መጥቶ አሁን የማጣራት አቅሟ (ጂኤፍአር የሚሉት) 15 ደርሷል። እጥበት ገና አልጀመረችም።

የዛሬ ሦስት ሳምንት ሌሊት ድምፅ ሰምቼ ስገባ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ አገኘኋት። «መስኮቱን ክፈችልኝ» አለችኝ። መስኮቱ ክፍት ነበር። ለካ ሳምንቱን ሙሉ ሦስት ትራስ ደራርባ ነው ስትተኛ የነበረው፤ እኛ ወገቧን ያመማት መስሎን። እግሯን ሳየው የካልሲዋ ላስቲክ የነበረበት ቦታ ቦይ ሰርቷል፣ በአውራ ጣቴ ስጫነው ጎድጉዶ ቀረ። ይዘናት ሄድን። ሳንባዋ ውሃ ቋጥሯል ተባለና በደም ሥር ላሲክስ (የሚያሸና መድኃኒት) ተሰጣት፤ በአምስት ቀን 6 ኪሎ ቀንሳ ወጣች። ያ ሁሉ ውሃ የት ተቀምጦ እንደነበር እስካሁን ይገርመኛል።

ግራ የገባኝ ይኼ ነው። ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ተነስታ ወረቀቱ ላይ የልብ የመርጨት አቅም 60 በመቶ፣ ኖርማል ይላል። እዚያው መውጫ ወረቀቷ ላይ ደግሞ «የልብ ድካም» ተብሎ ተጽፏል። ታዲያ የቱ ነው ትክክሉ? ልቧ ነው ኩላሊቷ?

ሌላው፣ ስትገባ ክሪያቲኒኗ (ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ የሚጨምረው ቆሻሻ) 3.4 ነበር፣ ስትወጣ 3.9 ሆነ። ወንድሜ «ላሲክሱ ነው ኩላሊቷን የጨረሰው፣ እናቁመው» ይላል። በዚህ ነገር ተኮራርፈናል። ውሃም አንዱ «ብዙ ጠጪ» ይላታል፣ ሌላው «ቀንሺ» ይላታል፣ እሷ መሃል ላይ ሆና ብርጭቆውን ይዛ ታየናለች።

ልምድ ያለው፦

ወንድምሽ ትክክል ነው። የሚያሸና ኪኒን ኩላሊትን ያደርቃል። አቁሙት፣ ውሃ በደንብ ትጠጣ፣ ኩላሊት የሚታጠበው በውሃ ነው። አጎቴ ጠጠር ይዞት በዚህ ነው የዳነው።

ነርሷ፦

ይቅርታ አድርግልኝ ወንድሜ፣ የአጎትህ ጠጠርና የእኚህ እናት ሕመም በስም ኩላሊት ከመባሉ በቀር አይገናኝም። ጠጠር ላለበት ሰው ውሃ ጠጣ ይባላል፣ ልክ ነው። 15 ላይ ለደረሰና ሳንባው ውሃ ለቋጠረ ሰው ግን ይህ ምክር ሌሊት ድንገተኛ ክፍል የሚያስገባ ነው። ዓመታት የሠራሁት እጥበት ክፍል ውስጥ ነው፤ «ኩላሊቱ እንዲታጠብ» ተብሎ ውሃ ሲጋት ሰንብቶ በቃሬዛ የመጣ ሰው አይቻለሁ።

እህቴ፣ ስለ ውሃው ከመጣላታችሁ በፊት ስለ ጨው ተነጋገሩ። ሰውነት ውሃን ብቻውን አያከማችም፣ የሚያስቀምጠው ጨው ነው። በደም ሥር የሚሰጠውን ግሉኮስ ያልሆነውን ከረጢት አይተሽ ከሆነ 0.9 በመቶ ይላል፤ በአንድ ሊትር ውስጥ 9 ግራም ጨው ማለት ነው። ሰውነታችንም ውስጥ ያለው ነገር ከዚያ ብዙም አይርቅም። ስለዚህ የደከመ ኩላሊት ማስወጣት ያቃተው እያንዳንዱ 9 ግራም ጨው አንድ ሊትር ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል፣ ሚዛን ላይ አንድ ኪሎ ሆኖ ይታያል። የእናትሽ 6 ኪሎ ከሃምሳ ግራም በላይ ጨው ነበር። አንድ ቀን ላይ የተበላ አይደለም፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ተርፎ የተጠራቀመ ነው። የት ነበር ላልሽው፣ በሴሎች መካከል ነው የሚቀመጠው። እግር ላይ ጎድጎድ ብሎ እስኪታይ ድረስ 2 እና 3 ሊትር ተደብቆ ሊገባ ይችላል።

በቀን የሚመከረው ጨው ከ5 ግራም በታች ነው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ፤ ያውም ፋብሪካው ምግቡ ውስጥ የጨመረውን ሁሉ ደምረሽ። ጨው የበላ ሰው ደግሞ ይጠማዋል፣ ስኳሩ ከፍ ያለበትም እንዲሁ። ጨዋቸውንና ስኳራቸውን ሳታስተካክሉ «ውሃ ቀንሺ» ማለት ሰውን ማሰቃየት ነው። ስንት ብርጭቆ ይጠጡ የሚለውን የሽንታቸውን መጠን አይቶ ሐኪማቸው ይወስነው፤ ለሁሉም የሚሆን ቁጥር የለም። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ «ለኩላሊት የሚሆን ጨው» ተብሎ በምትክነት የሚሸጠውን አትግዢ። ብዙው ፖታሲየም ነው፣ በዚህ ደረጃ ላለ ሰው ልብን ሊያቆም ይችላል።

ስቴቶስኮፕ፦

ነርሷ የጨውን ነገር ጨርሳዋለች። እኔ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ፣ ስለ 60 በመቶው ልናገር፤ ሰው ሁሉ የሚደናገረው እሱ ላይ ነው። ሐኪሞችም ጭምር።

ያ ቁጥር የሚነግርሽ አንድ ነገር ነው፦ ግራው የታችኛው የልብ ክፍል ውስጥ ከገባው ደም ስንት እጁ እንደተረጨ። ስንት እንደገባ አይነግርሽም፣ የገባውም በምን ያህል ግፊት ተጨናንቆ እንደገባ አይነግርሽም። ጤነኛ ልብ ውስጥ 120 ሚሊ ሊትር ገብቶ 72ቱ ቢወጣ 60 በመቶ ነው። ግድግዳው ወፍሮ ውስጡ የጠበበ ልብ ውስጥ 80 ገብቶ 48 ቢወጣም 60 በመቶ ነው። ወረቀት ላይ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ደረጃ ሲወጡ ግን አንዱ ያለከልካል።

የእናትሽ ልብ ለዓመታት ከፍ ያለ ግፊት ሲገፋ እንደ ክብደት አንሺ ክንድ ፈርጥሟል ብዬ እገምታለሁ። የፈረጠመ ልብ መጭመቅ አያቅተውም። የሚያቅተው መላላት ነው። ደም ሲመጣለት እሺ ብሎ አይከፈትም፣ ግፊቱም ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ከኋላው ያለው ግራው የላይኛው ክፍል፣ ከዚያ ቀጥሎ ሳንባ ነው። እንዲህ ያለ ልብ ለትርፍ ውሃ መፈናፈኛ የለውም። ሌላ ሰው እግሩን አብጦ ብቻ የሚያልፈው 2 ሊትር እሳቸውን ትንፋሽ ያሳጣቸዋል። ሌሊት የሚብሰውም ስለዚህ ነው፤ ጋደም ሲሉ ቀን እግራቸው ላይ የነበረው ውሃ ወደ ደም ሥር ተመልሶ ወደ ደረት ይወጣል። ይህ ብርቅ ነገር አይደለም። እጥበት ከሚጀምሩ ሰዎች ከአራቱ ሦስቱ ያህል የልብ ግድግዳቸው ወፍሮ ነው የሚገኙት።

ስለዚህ «ልቧ ነው ኩላሊቷ» ላልሽው ሁለቱም ነው፤ አንዱ ሌላውን ጠልፎ ይጥላል። የኢኮውን ወረቀት እንደገና አውጪና ሦስት ነገር ፈልጊልኝ፦ የግድግዳው ውፍረት፣ የግራው የላይኛው ክፍል ስፋት፣ እና ወደ ልብ የሚገባው ትልቁ ደም መላሽ ሥር ስፋት።

ክሪያቲኒኑን በተመለከተ፣ የወንድምሽ ስጋት ከንቱ አይደለም፣ ግን አካሄዱ ያስፈራኛል። ከ3.4 ወደ 3.9 ማለት ወደ 15 በመቶ ገደማ ጭማሪ ነው። 6 ኪሎ ውሃ ወጥቶ፣ ትንፋሽ ተመልሶ፣ ግፊት ተስተካክሎ ይህን ያህል ቢጨምር ብዙ ጊዜ ኩላሊቱ ተጎዳ ማለት አይደለም፤ ደም ሥር ውስጥ ያለው መጠን ሲቀንስ ማጣሪያው ላይ የሚደርሰው ግፊትም ይቀንሳል። እንዲያውም ውሃው በዝቶ ደም መላሽ ሥሮች ሲጨናነቁ ኩላሊት ራሱ ይታፈናል። ደሙ ወደ እሱ ቢደርስም መውጫ ያጣል። ላሲክስ በራሱ የኩላሊት መርዝ አይደለም። የሚጎዳው ከልክ በላይ ሲያደርቅ ነው፤ ያ ደግሞ ምልክት አለው፦ ሲነሱ መፍዘዝ፣ የግፊት መውረድ፣ ክብደት ከታሰበው በታች መሄድ፣ የሽንት ማነስ። እነዚህ ካሉ ለሐኪማቸው ደውላችሁ መጠኑ ይቀነሳል። በራስ ውሳኔ ማቆም ግን ያንን ሌሊት መልሶ መጥራት ነው።

ልምድ ያለው፦

እሺ ዶክተር፣ ግን የላሲክሱ መጠን ከሰው ሰው ለምን ይለያያል? አንድ የማውቃቸው ሰው 20 ሚሊ ግራም ነው የሚወስዱት። ለሷ ስንት እንደታዘዘላት ብትነግረን።

የመጨረሻዋ ልጅ፦

80 ጠዋት፣ 80 ከምሳ በኋላ።

ስቴቶስኮፕ፦

ጥሩ ጥያቄ ነው። ላሲክስ የሚሠራው ደም ውስጥ ሆኖ አይደለም። ኩላሊቱ ራሱ ከደም አውጥቶ ወደ ሽንት ቱቦው ውስጥ ማስገባት አለበት፣ የሚሠራው ከዚያ ወዲያ ነው። ኩላሊቱ ሲደክም በሩ ይጠብባል። ቱቦው ውስጥ የሚገባው መጠን አንድ ወለል ካላለፈ ደግሞ ግማሽ ሥራ አይሠራም፤ ጭራሽ አይሠራም። ለጤነኛ ኩላሊት የሚበቃው 20 ለእኚህ እናት ውሃ እንደመጠጣት ነው። በዚያ ላይ አንጀትም ውሃ ሲቋጥር ኪኒኑ በደንብ አይመጠጥም፤ ቤት ያልሠራው መድኃኒት በደም ሥር ሲሰጥ ሽንት የሚያወርደው ለዚህ ነው።

ያም አልበቃ ሲል ሌላ የሚያሸና መድኃኒት ይደረብበታል። በ2021 የታተመ አንድ ጥናት ክሎርታሊዶን የሚባለውን አሮጌ ኪኒን 4ኛ ደረጃ (ከመጨረሻው በፊት ያለው) ላይ ላሉ የኩላሊት ሕሙማን ሰጥቶ የላይኛውን ግፊት በ10 ነጥብ ያህል አውርዷል። እዚያም ክሪያቲኒን የጨመረባቸው ነበሩ፣ ሲቆም ወይም ሲቀነስ ተመልሷል። ያለ ደም ምርመራ ክትትል ግን የሚነካ አይደለም፣ ፖታሲየምና ሶዲየም ሊያዛባ ይችላል።

ሰኞ ረቡዕ ዓርብ፦

እኔ በእጥበት ሦስተኛ ዓመቴ ነው፣ ስሜ ላይ ያሉት ቀናት የማሽን ቀናቶቼ ናቸው። ሐኪም አይደለሁም፣ ግን ስለ ሚዛን ልንገርሽ፣ እኔን ያሞኘኝ እሱ ነው።

እጥበት ከመጀመሬ በፊት ሚዛን ላይ በየጊዜው እወጣ ነበር፣ ሁልጊዜ 71። ኩራት ይሰማኝ ነበር። እግሬ ትንሽ አበጠ፣ ክብደቴ ግን ያው 71 ስለሆነ ውሃ አይደለም አልኩ። ቀበቶዬ ደግሞ ሁለት ቀዳዳ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ፊቴ ከስቷል፣ ምግብ አስጠልቶኛል። ነገሩ ቆይቶ ነው የገባኝ፤ ሥጋዬ ሄዶ ቦታውን ውሃ ይዞታል። ሚዛኑ ሁለቱን ደምሮ 71 ይላል እንጂ የቱ ሥጋ የቱ ውሃ እንደሆነ አይለይም። እጥበት ጀምሬ ውሃው ሲወጣ «ደረቅ ክብደትህ» የተባልኩት 63 ነበር። መስታወት ፊት ቆሜ ራሴን አላወቅሁትም።

ስለዚህ መመዘን አለባት፣ ግን በሥርዓት። ጠዋት፣ ሽንት ቤት ከገባች በኋላ፣ ቁርስ ሳትቀምስ፣ በዚያው ሚዛን፣ በቀላል ልብስ። ደብተር ላይ ጻፉት። ከአንድ ቀን ወደ ሌላው ከአንድ ኪሎ በላይ ከዘለለ ወይም በሳምንት ውስጥ 2 ኪሎ ከጨመረ ያ ውፍረት አይደለም፤ ማንም በአንድ ሌሊት ኪሎ ሥጋ አያወጣም። ሐኪም ጋ የሚደወለው ያኔ ነው፣ ትራሱ ሦስት እስኪሆን አይጠበቅም።

ሌላ ጥፋቴን ልናዘዝ። ወገቤን ሲያመኝ ብርጭቆ ውስጥ ቡልቅ ቡልቅ እያለ የሚሟሟውን የሕመም ማስታገሻ እወስድ ነበር። ጣዕሙ ደስ ይለኛል። አንዷ ፍሬ ውስጥ ወደ 400 ሚሊ ግራም ሶዲየም እንዳለ፣ ማለትም አንድ ግራም ጨው፣ ማን ይነግረኛል? በቀን አምስት ጠጣሁ ማለት የቀኑን ጨው ሁሉ ምግብ ሳልነካ ጨረስኩ ማለት ነው። በምግቤ ላይ ያለውን ጨው እየለቀምኩ በብርጭቆ እጋተው ነበር። የእናትሽን የመድኃኒት ቦርሳ ገልብጠሽ እዪው፣ ያልታዘዘውን ጭምር።

የመጨረሻዋ ልጅ፦

ኧረ እግዜር ይስጣችሁ ሁላችሁም። ቦርሳዋን ገለበጥኩት። የሚሟሟው የለም፣ ዳይክሎፌናክ ግን ተገኘ። ጉልበቷን ሲያማት ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ የተገዛ ነው፣ ከሁለት ወር በፊት። «እሱማ የጉልበት ነው» አለችኝ ተገርማ፣ ለኩላሊት ሐኪሟም ያልነገረችው ለዚህ ነው። አንዱ እሽግ ሊያልቅ ሁለት ፍሬ ነው የቀረው።

ኢኮውንም አየሁት ዶክተር። የግድግዳ ውፍረት 1.4 ሴንቲ ሜትር፣ ግራው የላይኛው ክፍል «ሰፍቷል» ይላል፣ ያሉት ትልቅ ሥር 2.3 ሴንቲ ሜትር፣ «በትንፋሽ አይጨማደድም»። የመርጨቱ አቅም ብቻ ነው ከሥር ተሰምሮበት የነበረው። እግሯ ደግሞ አሁንም ማታ ማታ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ትንሽ ያብጣል፣ ትንፋሿ ግን ደህና ነው። ይኼ እንደገና እየጀመራት ይሆን? የግፊት ኪኒኗ አምሎዲፒን ከ5 ወደ 10 ከፍ ብሎላታል።

ስቴቶስኮፕ፦

ዳይክሎፌናኩን አሁኑኑ ጣሉት። እሱና አይቡፕሮፌን የመሳሰሉት ዘመዶቹ ኩላሊት ጨውና ውሃ እንዲይዝ ያደርጋሉ፣ ወደ ማጣሪያው የሚገባውን ደም ይቀንሳሉ፣ ላሲክሱንም ሥራ ያስፈቱታል። በሁለት ወር ይህን ሁሉ እሱ ብቻውን ሠራው አልልም፣ የሚታሰብ ተጠርጣሪ ግን ነው። ለጉልበታቸው ተራ ፓራሲታሞል፣ የማይሟሟው፣ በልኩ ይሻላል። የሚቀባውንም ቢሆን ሐኪማቸውን ሳትጠይቁ እንዳትጀምሩ።

የሴት ልብ ግድግዳ እስከ 0.9 ነው ጤናማው፤ 1.4 ወፍራም ነው። ከ2.1 የበለጠና በትንፋሽ የማይጨማደድ ሥር ደግሞ ያን ቀን ገና ብዙ ውሃ እንደነበር ይናገራል። እንግዲህ መልሱ ወረቀቱ ላይ ነበር፣ የተሰመረው ሌላ መስመር ነው እንጂ።

ቁርጭምጭሚቱን በተመለከተ አምሎዲፒን ራሱ እግር ያሳብጣል፣ በተለይ 10 ላይ። ያ ከትንንሽ ሥሮች ወደ ቆዳ ሥር የሚሾልክ እንጂ የመላ ሰውነት ትርፍ ውሃ አይደለም፤ ላሲክስ ቢጨመርም ብዙ አይሰማም። መለያው ሚዛኑ ነው። ክብደት ባለበት ቆሞ፣ ትንፋሽ ደህና ሆኖ፣ ማታ አብጦ ጠዋት የሚጎድል ከሆነ ወደ አምሎዲፒኑ አዘነብላለሁ። ሽንታቸው ውስጥ ብዙ ፕሮቲን ካለም በዚያ በኩል ያብጣል። በቀጣዩ ቀጠሮ የደማቸው አልቡሚን (ደም ውስጥ ያለው ፕሮቲን) እና የደም ማነሳቸው ይታይ፤ ደም ያነሰው ሰው ልቡ በእጥፍ ይለፋል።

ነርሷ፦

አንድ ልጨምር። ሁለተኛውን ላሲክስ ከምሳ በኋላ ያሉት በምክንያት ነው። ኪኒኑ ስድስት ሰዓት ያህል ይሠራል፣ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው ይባላል። ማታ ከወሰዱት ሌሊቱን ሽንት ቤት ሲመላለሱ ያድራሉ፣ በጨለማ ደግሞ ይወድቃሉ።

እናትየው በድንገት ተቀምጠውም ትንፋሽ ካጠራቸው፣ ሮዝ አረፋ የሚመስል አክታ ከወጣ፣ ደረታቸውን ካመማቸው ወይም ከተደናገሩ ግን ደብተርም ሚዛንም አያስፈልግም። ቀጥታ ድንገተኛ።

የመጨረሻዋ ልጅ፦

እሺ። የመጨረሻ ጥያቄ፣ እሷ ራሷ ያስጠየቀችኝ ነው። እጥበት ብትጀምር ልቧ ያርፋል ወይስ ይብሳል? ጎረቤታችን «ማሽኑ ልብ ያደክማል» ብላ አስፈራርታታለች።

ስቴቶስኮፕ፦

ጎረቤትሽ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተችም። በአራት ሰዓት ውስጥ ብዙ ውሃ ተጣድፎ ሲወጣ የልብ ጡንቻ ለጊዜው ደም ያጥረዋል፣ ይደነዝዛል። ክንድ ላይ ለእጥበት ሲባል ሁለት ደም ሥሮች ተገናኝተው የሚሠራው ፊስቱላም ለልብ ተጨማሪ ሸክም ነው። በሌላ በኩል ትርፉ ውሃ በልኩ ሲወጣና ግፊት ሲስተካከል የወፈረው ግድግዳ በወራት ውስጥ ሊቀንስ ይችላል። የሚወስነው በሁለት እጥበት መካከል የሚገባው መጠን ነው።

መቼ ይጀመር ለሚለው በ2010 ከአውስትራሊያና ከኒውዚላንድ የወጣ ጥናት አለ። ቁጥሩን አይቶ ቀድሞ መጀመር ዕድሜ አላስረዘመም። ቆዩ ከተባሉት ከአራቱ ሦስቱ ያህል ግን ምልክት አስገድዷቸው ከታሰበው ቀድመው ጀምረዋል። እናትሽን ወደ ማሽን የሚወስዳቸው 15 ወይም 12 የሚለው ቁጥር ብቻ አይሆንም። መድኃኒቱ በሙሉ መጠን ተሰጥቶ ውሃው እምቢ ካለ፣ ያኔ ጊዜው ደርሷል። ከአሁኑ ስለ ፊስቱላም ሆነ በሆድ ስለሚደረገው እጥበት ተነጋገሩ፣ በድንገት አንገት ላይ ቱቦ ከመግባት ይሻላል።

ሰኞ ረቡዕ ዓርብ፦

ዓርብ ጨርሼ ሰኞ እስክደርስ ያለው ሦስት ቀን ነው የሚከብደው። ሰኞ ጠዋት 3 ኪሎ ይዤ ስገባ ከማሽኑ ስወርድ እግሬ አይሸከመኝም። 1 ተኩል ይዤ ስገባ በእግሬ ወደ ቤት እሄዳለሁ። ማሽኑ ያው ነው።

የመጨረሻዋ ልጅ፦

ከአስር ቀን በኋላ ተመለስኩ። ዳይክሎፌናኩ ቆሟል፣ ላሲክሱ እንዳለ ነው፣ አምሎዲፒኑ ወደ 5 ተመልሶ ሌላ ተተካበት። ክሪያቲኒን 3.6። ክብደቷ አብዛኛውን ቀን ከ64.1 እስከ 64.6 መካከል ይዋልላል፤ የሚጽፈው ወንድሜ ነው፣ ከእኔ ጋር እንደታረቀ ባይናገርም ደብተሩን ማንም እንዲነካበት አይፈልግም። ማክሰኞ 800 ግራም ጨምራ ሲያያት ፖሊስ ሆኖ መረመራት። የታሸገ ሾርባ ጠጥታ ነበር።

ሰኞ ረቡዕ ዓርብ፦

ስንት ትራስ ላይ ነች?

የመጨረሻዋ ልጅ፦

አንድ። ሁለተኛውን ታቅፈዋለች።